የመምሬ ፊልጶስ አክታ

ልዕልትን ሰገራ አይቀፋትም። ሽንት፣ መግል፣ ደም፣ አክታ፣ ምኑም አይቀፋት። ኮሌጅ ሳሉ ጓደኞቿ አፍንጫቸውን በጋዋናቸው እጅጌ ሲሸፍኑ እሷ የሰገራውን ዕቃ ከፍታ፣ በስንጥር ቆንጥራ፣ ስላይድ ላይ እንደ ቅባኑግ ትለቀልቀው ነበር። ከሰው ገላ የወጣ ነገር ሽንገላ አያውቅም፣ ያለውን ይናገራል ባይ ናት። ሰው ራሱ፣ ያውም ታጥቦ ተለቃልቆ ነጭ የለበሰ ሰው፣ ሊያቅለሸልሻት እንደሚችል የገባት ለተግባር ልምምድ ሀብቴ ዘንድ ከተመደበች በኋላ ነው።

ሀብቴ ወደ ወገዳ በሚወስደው ጎርበጥባጣ መንገድ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ልዕልት ግን ያወቀችው ከዚያ በፊት ነው። ንፋስ መውጫ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትማር የሙያ ምክር የሚሰጥበት ቀን ተዘጋጅቶ መድረክ ላይ ወጥቶ ተናገረ። ጋዋኑ እንደ ጥምቀት ነጠላ ነጭ ነበር። «ሐኪም ጆሮ ነው፣ የነገሩትን ይሰማል። ላብራቶሪ ግን ዓይን ነው። ዓይን ያላየውን ጆሮ ቢሰማው ምን ይረባል?» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልዕልት መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች። አባቷ «ሒሳብ አያያዝ ይሻልሻል፣ ንጹሕ ሥራ ነው፣ እጅሽም አይገማ» ቢሏት አሻፈረኝ ብላ ላብራቶሪ ገባች። እንግዲህ ኮሌጁ የልምምድ መምህርሽ ሀብቴ ነው ሲላት እልል ማለት ነበር የቀራት።

ደስታዋ የቆየው ፍሪጁን እስክትከፍት ድረስ ነው።

የደም ናሙናው ከተደረደረበት መደዳ አጠገብ አንድ ቅል እርጎ ተቀምጧል። የማን ነው ብላ ሳትጨርስ ሀብቴ መጥቶ ቅሉን አነሳና ጎንጨት ጎንጨት አለለት። ከዚያ ጺሙን በጋዋኑ እጅጌ ጠረገ፤ ያው መድረክ ላይ ያየችው ጋዋን ነው፣ ብቻ አሁን ብብቱ ሥር ቢጫ ሆኗል። ጓንቱን ሳያወልቅ እጁን ኪሱ ከቶ ቆሎ ዘገነ። ገና አሁን የሕፃን ተቅማጥ በያዘበት ጓንት ነው። ቆረጠመ፣ ቆረጠመና የተረፈውን በመዳፉ ዘርግቶ «እንኪ፣ ልዕልቲቱ፣ አትኩሪ» አላት።

«ይቅርብኝ ጋሽ ሀብቴ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ላብራቶሪ ውስጥ ያልበላ ላብራቶሪ አይለምድም» ብሎ ሳቀ።

ይሁን፣ የቆሎው ነገር ስንፍና ነው፣ ስንፍና ደግሞ የትም አለ ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። የባሰው ግን ገና ነበር። ማይክሮስኮፑ እንደ ታቦት በጨርቅ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ የሚከፍተው የለም። ሀብቴ የሚመረምረው ሰውየውን ነው፣ ናሙናውን አይደለም። በር ላይ ቆሞ በሽተኛውን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። «የምንጭ ውኃ ነው የወንዝ የምትጠጪው?» ይላል። የወንዝ ካለችው «ጃርዲያ ጻፊላት» ይላል ወደ ልዕልት ዞሮ። ዓይኑ የገረጣውን «ደም ማነስ»፣ ቆላ ወርዶ የመጣውን «ወባ»። ናሙናው ሳይከፈት ወደ ጉድጓድ ይሄዳል። «የተማረ ሰው በማይክሮስኮፕ ያያል፣ የበሰለ ሰው ግን በዓይኑ ያያል። እኔ እዚህ ስንት ዘመን ተቀመጥኩ? ከዚህ አገር ሰው ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳን እኔ ይሄ ወንበር ያውቃል» ይላታል፣ ምሥጢር እንደሚያወርስ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከሁሉ ከሁሉ የሚያንገበግበው ደግሞ ይገጥምለታል። የወንዝ ውኃ የሚጠጣ ሰው ጃርዲያ ቢኖርበት ምን ይደንቃል! የገጠመለት «ሀብቴ እኮ ፊት አይቶ ያውቃል» እያለ ገበያ ለገበያ ያወራለታል። ያልገጠመለት ተመልሶ አይመጣም። ወይ ጸበል ይሄዳል፣ ወይ ይሞታል፤ የሞተ ሰው ደግሞ ላብራቶሪ አይከስስም። የሰውየው ስም የተገነባው እንዲህ ነው።

ልዕልትም ጻፊ ያላትን ጻፈች። እውነቱ መነገር አለበት፣ ጻፈች። የልምምዷን ነጥብ የሚሞላው እሱ ነው፤ እሱ ካልሞላ ምረቃ የለም፣ ምረቃ ከሌለ አባቷ «አላልኩሽም?» ይላሉ። በየምሽቱ የተከራየችው ክፍል ገብታ እጇን በሳሙና ትፈትግና ትፈትግና አሁንም የቆሸሸ ይመስላት ነበር። የሚገማት እጇ እንዳልሆነም ታውቀዋለች።

እንዲህ እያለ የኅዳር ሚካኤል ደረሰ።

በዚያ አገር በዓል ሲሆን ጤና ጣቢያው ይጠባል። አጨዳና ውቂያ በበዓል አይነካም፤ ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ሕመሙን በጉያው ይዞ የከረመ ሁሉ ቅዳሴ አስቀድሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ወደ ሐኪም ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል መምሬ ፊልጶስ ከሚስታቸው ከአስካለ ጋር መጡ። መምሬን የማያውቃቸው የለም። በወጣትነታቸው ቤተ ልሔም ተቀምጠው ድጓ የተማሩ፣ ድምፃቸው ከተራራው ማዶ የሚሰማ ቄስ ናቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ሳል ይዟቸው ቅዳሴውን ያቋርጣቸዋል። ጤና መኮንኑ ጌታነህ ደረታቸውን አዳምጦ «አክታዎ ይታይ፣ የሳንባ ነቀርሳ እንዳይሆን» ብሎ ወደ ላብራቶሪ ላካቸውና እሱ ራሱ ለሥልጠና ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው መኪና ተሳፈረ።

መምሬ በነጠላ አፋቸውን ሸፍነው በር ላይ ቆሙ። ከኋላቸው አስካለ አለች፣ ጉንጯ የሞላ፣ ቀይ፣ ከእሳቸው በብዙ የምታንስ ሴት ናት።

ልዕልት ክዳን ያለውን ትንሽ ዕቃ ሰጠቻቸው። «አባቴ፣ ምራቅ አይደለም የምንፈልገው። ከደረትዎ ስበው፣ ጠንከር አድርገው ስለው ይትፉበት።»

መምሬ ዕቃውን አዩት። ሚስታቸውን አዩ።

ኮሌጅ የተማረችው ባለሙያ አብሮ ወጥቶ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ራቅ ብሎ ቆሞ ሲተፉ ማየት እንዳለበት ነው። ልትወጣም አንድ እግሯን አንስታ ነበር። ሀብቴ «ምን ልታዪ ነው? የቄስ ትፋት ቆሞ ማየት ነውር አይደለም ወይ? ተያቸው፣ ከባሕር ዛፉ ኋላ ይሂዱ» አላት። ነውርነቱ ለእሷም ተሰማትና እግሯን መለሰች። ባልና ሚስቱ ከባሕር ዛፉ ኋላ ሄዱ። ጥቂት ቆይተው ሲመለሱ ዕቃውን የያዘችው አስካለ ነበረች፤ ክዳኑን ግጥም አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ አቀበለቻት።

ሀብቴ ዕቃውን ከልዕልት እጅ ቀማና ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገው። ክዳኑን እንኳ አልከፈተም። «መምሬ፣ ውቂያ ጀምረዋል?»

«ጀምረናል ልጄ። ገብሱ ደርሶ።»

«በቃ! ይሄ የዐውድማ ሳል ነው። ብናኝ ነው። እርስዎን የመሰለ ሰው ምን ይነካዋል? ኔጌቲቭ በይ፣ ልዕልት።»

አለች። ጻፈች። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መምሬ ሁለቱንም በመስቀላቸው ባረኩ፣ «ዓይንህን ያብራው ልጄ» አሉት ሀብቴን፣ በነጠላቸው ውስጥ። ሀብቴም አንገቱን ደፍቶ መስቀሉን ሲሳለም ያየው ሰው ጻድቅ ይመስለው ነበር። ዕቃውን ቆሻሻ መጣያው ላይ ወረወረና በዓሉን ሊያከብር ጠላ ወዳለበት ቤት ሄደ።

ልዕልት ብቻዋን ቀረች። መጣያውን አየችው። ዞር አለች። ተመልሳ አየችው። ምን እንደገፋት እንጃ፣ ጎንበስ ብላ ከቆሎ ገለባና ከደም ከተነከረ ጥጥ መካከል ዕቃውን አውጥታ ከፈተችው። ምራቅ አልነበረም። ከደረት የወጣ ወፍራም አክታ ነው፣ አረንጓዴና ቢጫ፣ ዳር ዳሩ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ደም አለበት።

በሩን ዘጋች። ስላይድ ላይ ለቀለቀች፣ አደረቀች፣ ቀዩን ቀለም አፈሰሰች፣ ከሥሩ በእሳት እንፋሎት እስኪያወጣ አሞቀች፣ አጠበች፣ ሰማያዊውን ደገመች። ከማይክሮስኮፑ ላይ ጨርቁን ስትገልጠው አቧራው አስነጠሳት። ዓይኗን ደፍታ ስታይ በሰማያዊው መስክ ላይ ቀያይ ስንጥሮች፣ ብቻቸውንም ተጠላልፈውም፣ በየቦታው ተበትነዋል። መጽሐፍ ላይ ካየችው ሥዕል የበለጠ የጠራ ነበር። መጀመሪያ የተሰማት፣ አይፈረድባትም፣ ደስታ ነው፤ በገዛ ዓይኗ ያገኘችው የመጀመሪያዋ ነው። ቀጥሎ ግን መምሬ መስቀል ሲያሳልሙ፣ ሕፃናቱም በተራቸው ሲሳለሙ፣ እሳቸው በየቤቱ ገብተው ጸበል ሲረጩ ታያት። ደስታው እንደ ጎምዛዛ እርጎ አፏ ውስጥ ቀረ።

ሀብቴ ከቀትር በኋላ ጠላ ጠላ እየሸተተ ተመለሰ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ የመምሬ አክታ ፖዘቲቭ ነው። ብዙ ነው። ይዩት።»

አላጎነበሰም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የማይወጣላት። ማይክሮስኮፑ በርቷል፣ ስላይዱ ተቀምጧል፣ የሚጠበቅበት አንገቱን ስንዝር ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ አላጎነበሰም። «ቀለሙን በደንብ አላጠብሽውም። ቆሻሻ ነው ያየሽው» አለ ቆሞ።

«አጥቤዋለሁ። እባክዎ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት።»

«ወረቀት ወጥቷል እኮ! ምን ልበላቸው ነው? ሀብቴ ተሳስቷል ልበል? ስሚ» አለና ተጠግቷት ተቀመጠ፤ ድምፁ ያ መድረክ ላይ የሰማችው ለስላሳ ድምፅ ሆነ። «ኮሌጅ የማያስተምሩሽን ልምከርሽ። ሙያ ማለት ስም ነው። ስምሽን ከጠበቅሽ ስምሽ ይጠብቅሻል። የቄስ ቤት ነው ይሄ፤ ነቀርሳ አለባቸው ብለሽ አገሩን ታውኪና ነገ ሳይሆን ቢቀር ማን ያምንሻል? ነጥብሽን ገና አልሞላሁም። ብልህ ልጅ መስለሽኝ ነበር።» እጁን ሰዶ ስላይዱን ከማይክሮስኮፑ ላይ አነሳና መርፌ በሚጣልበት ሳጥን ውስጥ ጣለው። ከዚያ ከኪሱ ቆሎ ዘገነ።

ልዕልት ወጣች። ባሕር ዛፉ ጋ ደርሳ ግንዱን ተደግፋ አስታወከች። ያቺ በሰገራና በመግል ፊቷን ያላጨፈገገች ልጅ፣ የአንድ ሰው ለስላሳ ምክር አንጀቷን ገለበጠው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ሲባል የሰማችው ስለ መንግሥት ነበር፤ በላብራቶሪም እንደሚሠራ አላወቀችም ነበር።

ጌታነህ ጋ ደወለች። «ሥልጠና ላይ ነኝ፣ ነገ ማታ እገባለሁ፣ ያኔ እናየዋለን» ብሎ ዘጋው። እናየዋለን! ሰውየው ከፊቷ ሆኖ ያላየውን ይሄኛው ደብረ ታቦር ሆኖ ሊያየው። አስጠሏት፣ ሁለቱም አስጠሏት።

በማግሥቱ ለምሳ ወጣሁ ብላ ቁልቁለቱን ወደ መምሬ ሰፈር ወረደች። ዐውድማው ከሩቅ ይታያል፤ በሬዎች ገብሱ ላይ ይዞራሉ፣ ብናኙ እንደ ጉም ተነሥቶ ቆሟል። መምሬ ጥምጥማቸውን በጨርቅ ለውጠው መንሽ ይዘው ያዘራሉ፣ መሀል ላይ ጎንበስ ብለው ይስላሉ። አስካለ ከዳር ተቀምጣ በሰፌድ ታበጥራለች።

«ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?» አሉ መምሬ።

በደህና አይደለም ማለት ከበዳት። ግን ለዚህ ነው የመጣችው። «አባቴ፣ በሽታው አለብዎት። የሳንባ ነቀርሳ ነው። መድኃኒት አለው፣ ይድናል፣ ነገር ግን አሁኑኑ መጀመር አለብዎት።»

መምሬ መንሹን መሬት ላይ ተክለው ተደገፉት። «ወረቀቱ እኮ ነጻ ነህ ይላል።»

«ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላይ ነው የጻፍኩት። ይቅር ይበሉኝ። ከሄዳችሁ በኋላ ነው ያየሁት።»

«ሀብቴ በመስኮት አይቶት የለም?»

«በመስኮት አይታይም አባቴ። ማንም ቢሆን በመስኮት አያየውም።»

የአስካለ ሰፌድ ከጭኗ ላይ ተንሸራተተ፤ ያበጠረችው ገብስ ከገለባው ጋር ተመልሶ ተደባለቀ። ተነሣች፣ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሣች። «የሳቸው አይደለም» አለች።

«ምኑ?»

«አክታው። እኔ ነኝ የተፋሁት።»

ልዕልት አልገባትም። አስካለ ፊቷ ነዶ፣ ነጠላዋን እያፍተለተለች ተናገረች። «ቆርበው ነበር እቴ። የቆረበ ሰው እንዴት ይተፋል? ያን ቅዱስ ነገር ተቀብለው፣ አፋቸውን ሸፍነው፣ ከዚያ በላስቲክ ዕቃ እንትፍ ይበሉ? እንዳይመለሱም ሐኪሙ አዟል። ጨነቃቸው። እኔ ያን ቀን አልቆረብኩም። አንቺ ከደረት ስባችሁ አላልሽም? ስቤ ተፋሁ። ባልና ሚስት አንድ ሥጋ ናቸው አልተባለም ወይ? የኔ ከወጣ የሳቸው ወጣ ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ ያዘዝኳት» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «እሷ ምን ታድርግ፣ ፈጣሪዋን ፈርታ፣ እኔን አክብራ ነው።»

ልዕልት አንድ እርምጃ ብትወጣ ኖሮ፣ ዞራ ብታይ ኖሮ፣ ይሄ ሁሉ የለም። ነውር ነው ብላ የመለሰቻት እግሯ ትዝ አለቻት፣ ራሷንም ከሀብቴ ጋር በአንድ ጠላች። ግን ለዚህ ጊዜ አልነበረም። ያ ሁሉ ቀይ ስንጥር የአስካለ ነው። የዚህች ጉንጯ የሞላ ሴት ነው።

«እትዬ አስካለ፣ ሳል አለሽ?»

«የጭስ ናት። ጠዋት ጠዋት ትንሽ።»

«ማታስ?»

አስካለ ባሏን አየች። «ያልበኛል። ቀሚሴ እስኪርስ ያልበኛል። ብርዱ ሳይቀር ያልበኛል።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?» አሉ መምሬ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?»

«እርስዎ ሲስሉ እያየሁ የኔን ምን ብዬ ላውራ?» አለችና በዚያ ሁሉ መሀል ፊቷ በራ። «እንኳን የኔ ሆነ። እርስዎ ቢሆኑ መቅደሱን ማን ይገባ ነበር?»

«የሳቸውም ገና አልታየም እትዬ» አለች ልዕልት። «ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ኑ። አባቴ፣ እባክዎ ሳይቆርቡ ይምጡ።»

«ሰሞነኛ ነኝ ልጄ። ሳምንቱ የኔ ነው።» ሚስታቸውን አዩ። «ሌላ ቄስ ይቀድስልኛል። እንመጣለን።»

መጡ። ያን ቀን ልዕልት አብራቸው ወጣች። ነፋሱን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች፣ ዓይኗንም ከእነሱ ላይ አላነሳችም። መምሬ እንደ ሕፃን አፈሩ፣ ጆሯቸው ቀላ፣ ግን ተፉ። አስካለ ደግሞ ተፋች። ሁለቱን ዕቃዎች ለየብቻ ስም ጽፋባቸው ስትገባ ሀብቴ በር ላይ አገኛት። መምሬን ሲያይ ለጥ ብሎ እጅ ነሣ፣ ቀጠለና የሳቸውን ዕቃ ከእጇ ነጥቆ እንደ ልማዱ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው።

«ለምን እንዳደከመችዎ አላውቅም መምሬ። አሁንም ኔጌቲቭ ነው!» አለ፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠው በሽተኛ ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ።

ልዕልት ዕቃውን ከእጁ ወስዳ ገባች፣ ሁለቱንም ቀባች፣ አሞቀች፣ አጠበች። የመምሬን መስክ በመስክ፣ ጥግ በጥግ አየችው፤ ደግማ አየችው። ንጹሕ ነው። የአስካለ ግን እንደ ትናንት በስቲያው ቀይ ስንጥር በቀይ ስንጥር ነው። ከሥልጠና የተመለሰውን ጌታነህን ጠርታ የሆነውን ሁሉ ነገረችው። ጎንበስ ብሎ በማይክሮስኮፑ አየና ቀና አለ። «ዛሬውኑ መድኃኒት ትጀምራለች። መምሬ ግን ነጻ ናቸው፤ ሳሉ የብናኝ ነው። ለጥንቃቄ እንከታተላቸዋለን» ሲል በረንዳው ድረስ ተሰማ።

ያኔ ነው ሀብቴ በሁለት እጁ ያጨበጨበው።

«አላልኩም? የዐውድማ ሳል ነው አላልኩም? ከትናንት በስቲያ፣ ክዳኑን ሳልከፍት፣ በዚህ ዓይኔ!» በጣቱ ዓይኑን ነካ። «ልጆቹ በመሣሪያ ሲደክሙ ይውላሉ። ልዕልት፣ ተማሪ! ይሄ በኮሌጅ አይገኝም።»

እውነቱን እኮ ነው! ስለ መምሬ ያለው ገጥሞለታል። ያላየው አክታ የመምሬ አልነበረም፣ የመምሬንም አክታ አላየም፣ ሁለት ጊዜ ሳያይ ተናግሮ አንዲት ሴት ከነበሽታዋ ወደ ቤቷ ሸኝቶ፣ አሁን አሸናፊ ሆኖ ቆሟል። በረንዳው ላይ ያለው ሰው «ኧረ የዚህ ሰው ዓይን!» ይላል። አንዷ ሴትዮ እልል አለች። መምሬ ራሳቸው «እውነትም አልተሳሳትክም ልጄ» አሉና መስቀላቸውን ሊያወጡ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ሰደዱ። ጌታነህ ሁሉም ነገር ገብቶታል፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ሥዕል ዛሬ ገና ያየው ይመስል አፍጥጦ ያየዋል። አስካለ ደግሞ፣ ያቺ የዋህ፣ ባሏ ስለዳነላት ደስ ብሏት፣ ጎንበስ ብላ የሀብቴን እጅ ልትስም ሄደች። ጓንቱን አላወለቀም ነበር። እጁን ዘረጋላት።

ልዕልት በመካከላቸው ገብታ የአስካለን ትከሻ ያዘች። «አትሳሚው።»

አስካለ ጎንበስ እንዳለች ዞራ አየቻት።

«የሚካኤል ዕለት የተሰጠው ዕቃ ያንቺ ነበር እትዬ። አልከፈተውም። ነጻ ነው ብሎ ቆሻሻ ውስጥ የጣለው ያንቺን ደረት ነው። አይቼ ስነግረው ጎንበስ ብሎ አላይም አለኝ። ስላይዱንም ወስዶ ጣለው። የሱ ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው ክረምት አትኖሪም ነበር። እኔም ጻፊ ሲለኝ ጽፌያለሁ።»

የሀብቴ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። «አንቺ ልጅ! ነጥብሽን የምሞላው እኔ መሆኔን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም። ዜሮ ይሙሉልኝ። ከእርስዎ እጅ የሚመጣ መቶ ያቅለሸልሸኛል።»

ሀብቴ ወደ በረንዳው ዞሮ ሊስቅ ሞከረ። አብሮት የሳቀ አልነበረም። መምሬ ደረታቸው ላይ ያደረሱትን እጅ ባዶውን መለሱ።

አስካለ ቀና አለች። ሀብቴን አላየችውም፤ የምታየው ልዕልትን ነው። «ታዲያ ማን ነው ያየው?»

«እኔ ነኝ።»

«ከቆሻሻው ውስጥ አንስተሽ?»

«አዎ።»

«የኔን ትፋት?» አለች አስካለ፣ ድምፏ ዝቅ ብሎ። «በእጅሽ? አልተጸየፍሽኝም?»

«አልተጸየፍኩሽም እትዬ።»

አስካለ እጆቿን ዘርግታ ጉንጯን ልትስማት ተንደረደረች። ልትደርስ ስትል በሽታዋ ትዝ አላትና ቆመች። ነጠላዋን አፏ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያዘች፣ ወደ ኋላዋ እየተራመደች እስከ በረንዳው ጫፍ ሄደች፣ ከዚያ ከሩቅ ሆና ለልዕልት እጅ ነሣች።